መምህሩ የት ሄደው ነው?

ባለፈው ሴሚስተር የክፍላችን ተጠሪ ነበርኩ። ተጠሪነት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ ማስነሳት፣ ክፍል ሲቀየር ሰው መጥራት፣ ፈተና እንዲገፋ መለመን፣ ሲገፋ ደግሞ "ማን አስገፋ አለህ?" ተብሎ መሰደብ ነው። ይህን ሁሉ ስሠራ ቆይቼ ሴሚስተሩ ሲጋመስ አንድ ከበድ ያለ ሥራ መጣልኝ፤ አቤቱታ መጻፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መምህራችን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከክፍል ቀሩ። ሚድ ከተፈተንን አራት ሳምንት ቢያልፍም ወረቀታችን አልተመለሰም። "የት ሄደው ነው?" ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ "ሪሰርች ላይ ናቸው።" ይህች ቃል ዶርማችን ውስጥ ቀልድ ሆነች። ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ የዘገየ ልጅ "ሪሰርች ላይ ነው" ይባላል። ሃምሳ ብር ተበድሮ የጠፋም እንደዚያው።

አቤቱታውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። "መምህሩ ለግል ምርምራቸው ቅድሚያ በመስጠት በተማሪዎች ላይ ከፍተኛ በደል እያደረሱ ስለሆነ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን" ይላል። ከ64 ተማሪዎች 38ቱ ፈረሙ። የቀሩት ግሬዳቸው ላይ እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነው እንጂ መምህሩን ወደው አይመስለኝም።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ወረቀቱን ተቀብለው ገና ሳያነቡት "እሳቸውን አናግረሃቸዋል?" አሉኝ። አላናገርኳቸውም። "የሁለተኛ ዓመት ጋዜጠኝነት ተማሪ አይደለህ?" አሉና ወረቀቱን በእጄ መለሱልኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። የሚወቀሰውን ሰው ሳትጠይቁ ዜና አትጻፉ ብለው ያስተማሩን እኚሁ የከሰስኳቸው መምህር መሆናቸው ትዝ ያለኝ ደረጃውን እየወረድኩ ነው። አፈርኩ። ግን አፈርኩ ብዬ አልተመለስኩም፤ የፈረሙት ልጆች ካፌ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር።

የመምህሩ ቢሮ ለሦስት ሰው ነው። ሦስት ጠረጴዛ፣ ለእንግዳ አንድ ወንበር፣ እሱም አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ። መስኮቱ ሥር ሁለት ክምር ወረቀት አየሁ። አንደኛውን ወዲያው ለየሁት፤ የእኛ የሚድ ወረቀት ነው። ሌላኛው ከአሮጌ ጋዜጦች የተገለበጠ ገጽ ነበር።

አቤቱታውን ሰጠኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው እንደ አሳይንመንት ያነቡት ጀመር። "ከፍተኛ በደል" የሚለውን ከበቡና "ምን ያህል ነው ከፍተኛ? ቁጥሩን ጻፍ" አሉኝ። "በተደጋጋሚ ቀርተዋል" የሚለውን ሰርዘው "ሁለት ጊዜ" አሉት። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ "መቅረቱን ቀርቻለሁ፤ እውነት ነው። የሁለተኛውን ቀን ግን ተሳስተሃል፤ ሐሙስ እንጂ ረቡዕ አይደለም" አሉኝ።

የቀሩት አዲስ አበባ ሄደው ነው። የሚያጠኑት ነገር በዜና ውስጥ ማን እንደሚናገር ነው፤ ባለሥልጣኑ ስንቴ፣ ገበሬው ስንቴ፣ ሴቷ ስንቴ። ለዚህ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ያስፈልጓቸዋል። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው፤ የእኛ ላይብረሪ ያለው ጥራዝ ደግሞ መሐል መሐሉ የጎደለ። ስለዚህ በራሳቸው ገንዘብ አውቶቡስ ተሳፍረው ወመዘክር ድረስ ሄደዋል። ቅዳሜና እሑድ ላይ እንዳይሄዱ የሚፈልጉትን የሚያገኙት በሥራ ቀን ነው።

"ታዲያ ለምን አይተዉትም ቲቸር?" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ደፋር ጥያቄ ነው።

"ብተወው ምን እንደማስተምርህ ታውቃለህ? እኔ ተማሪ ሆኜ የተሰጠኝን ሃንድአውት ነው።"

ያን ቀን ማታ ዶርም ገብቼ ሒሳብ ሠራሁ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ደንብ የሚጠቀሰው ክፍፍል የመምህሩ ጊዜ 75 በመቶ ለማስተማር፣ 25 በመቶ ለምርምር ነው። በሳምንት አርባ ሰዓት ይሠራል ብንል ለምርምር የምትደርሰው አሥር ሰዓት ናት። አሁን ደግሞ የእኛን ሚድ እንውሰድ። አንድ ወረቀት በሃያ ደቂቃ ቢታረም (እኔ አራት ገጽ ነው የጻፍኩት፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል ብዬ አላምንም) 64 ወረቀት 21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ሌላው ሴክሽን 60 ተማሪ አለው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ41 ሰዓት ያልፋል። ክፍል ሳይገባ፣ ኖት ሳያዘጋጅ፣ ስብሰባ ሳይቀመጥ የአንድ ሳምንት የሥራ ሰዓት በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ 25 በመቶው የት ሄደ? በማረሚያ ሳምንት ዜሮ ነው። ምርምሩ ማታ ማታና በዓል ላይ የሚሠራ ነገር ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ሐሙስ ቀን ክፍል ቀርቶ።

ሌላም ያላወቅኩት ነገር ነበር። ሌክቸረር ረዳት ፕሮፌሰር፣ ረዳት ፕሮፌሰር ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን በጆርናል የወጣ ሥራ ማሳየት ይጠበቅበታል። ማስተማሩም ይመዘናል እንጂ አይቀርም፤ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ እኛ በሴሚስተሩ መጨረሻ የምንሞላው ፎርም ነው። ያንን ፎርም እንዴት እንደምንሞላ እናውቃለን መቼም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰልፉ ሳይረዝም ለመውጣት ከላይ እስከ ታች 5፣ 5፣ 5 እያልን በአንድ መስመር እንወርዳለን። የተናደደ ደግሞ 1፣ 1፣ 1። እኔም አንደኛ ዓመት ላይ ለሁሉም መምህር ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

በዚያው ሰሞን ላይብረሪ ገብቼ ሁለቱን ሥራ አብረው የያዙ ሰዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ለአቤቱታው ማስረጃ ፍለጋ ነው የገባሁት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ነገር አገኝ ይሆናል ብዬ። ያገኘሁት ሌላ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ ለጀማሪ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትመዋል፤ እኚሁ ሰው የገጠሩ ሕዝብ ለምን ለረሃብ እንደሚጋለጥ የሃያ ዓመት ጊዜ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሌላ መጽሐፍ አወጡ። እኛ ገጹ እስኪገነጣጠል ፎቶ ኮፒውን የምንቀባበለው የፕሮፌሰር ባየ ይማም "የአማርኛ ሰዋስው" (1987 ዓ.ም.) ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልሳን ያስተማሩና ያጠኑ ሰው ሥራ ነው።

ከሁሉም የያዘኝ ግን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ለልብስ ያውቁታል። ቆም ብሎ እነዚህ ለምን ሞቱ ብሎ የጠየቀው ግን የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ የቆመውም ወንዝ ዳር ነው። ግኝታቸው በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብዙ ዓመት ታግለው እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በአክሊሉ ለማ ስም ተሰይሟል። ይህን ሳነብ በዚያ ቀን ክፍል የቀሩባቸው ተማሪዎች ይኖሩ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እነሱም አቤቱታ ጽፈው ይሆናል።

ደግሞ ሌላ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች እስከ ዛሬ በትልልቅ የታሪክ መጻሕፍት ግርጌ ማስታወሻ ላይ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ! የእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ አገሩ ገብቶ ሽማግሌ ጠይቆ የጻፈውን ፕሮፌሰሩ ምንጭ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ይህ እንዲሆን መምህሩ ራሱ የሚመራመር መሆን አለበት፤ ምንጭ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ሌላውን ምንጭ ፍለጋ ሊልክ አይችልም። (በቅርብ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስ እና ኮምፕሬሄንሲቭ ተብለው ተለይተዋል። የምርምር ከተባሉት ውጭ ያለ ተማሪስ? እሱን የሚመራመር መምህር አያስፈልገውም? ነገሩ አልገባኝም።)

ወደ ራሴ ልመለስ። አቤቱታውን ይዤ ከቢሮ ልወጣ ስል መምህሩ "ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ክፍት ነህ?" አሉኝ። ከእኔ ሌላ አንዲት የክፍላችንን ልጅ ጠርተው ሁለታችንን ጋዜጣ አንባቢ አደረጉን። ቅጣት መስሎኝ ነበር። ክፍያ የለውም፤ ሻይ ግን አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ዜና አንድ ቅጽ፣ በቅጹ ላይ 11 ሳጥን። ቀኑ፣ ገጹ፣ ርዕሰ ጉዳዩ፣ ስንት ሰው ተጠቀሰ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማነው፣ ስሙ ተጽፏል አልተጻፈም፣ ወንድ ነው ሴት። ሁለታችን ያንኑ ዜና ለየብቻ፣ ሳንነጋገር እንሞላለን። ከዚያ የሁለታችን ቅጽ ጎን ለጎን ይታያል። ብዙ ቦታ ከተስማማን መለኪያው ይሠራል ማለት ነው፤ ካልተስማማን ወይ መመሪያው ግልጽ አይደለም ወይ አንዳችን አላነበብንም። በዕድል መስማማትም ስላለ ያንን ቀንሶ የሚያሰላ ካፓ የሚባል ቀመር አለ። ይህ ሁሉ በሦስተኛ ዓመት ኮርስ ላይ አለ ይባላል። እኔ ግን ከአቧራ ጋር ነው የተማርኩት።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ተጣላን። "የአካባቢው ነዋሪዎች ገለጹ" የሚል ዜና ደረሰን። ልጅቷ "ሰው ተናግሯል" ብላ ሞላች፤ እኔ "ማንም አልተናገረም" አልኩ። የትኛው ነዋሪ ነው? ስሙ የለ፣ ቃሉ የለ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። መምህሩ ዝም ብለው ሰሙንና መመሪያው ላይ አንድ አዲስ መስመር ጨመሩ። በዚያው ሳምንት ክፍል ገብተው ያንን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፉት። "ነዋሪዎች ገለጹ። ስንት ነዋሪ? በአንድ አፍ ነው የገለጹት?" ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁሉም የራሱን አሳይንመንት ያገላብጥ ጀመር፤ ግማሻችን እንደዚያው ጽፈን ነበራ! ያን ቀን ኖት ያልያዘ ልጅ አላየሁም። ክርክሩ ማክሰኞ የተጀመረ መሆኑን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው እስከዚህ ያረዘምኩት።

በሦስተኛው ማክሰኞ በማግሥቱ የስታትስቲክስ ኩዊዝ ነበረብኝ። ከፊቴ አርባ ቅጽ ቀርቷል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ሆዴም ባዶ ነው። ርዕሱን ብቻ እያየሁ ሞላሁት። ርዕሱ ላይ ሚኒስትር ካለ ባለሥልጣን፣ ወንድ፣ ስሙ ተጽፏል። ቀጥሎ። እንደዚያ የመምህራን ፎርም በአንድ መስመር ወረድኩ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረስኩና ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት አስጠሩኝ። ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን ዘርግተዋቸዋል። በፊት ከአሥር ሳጥን ዘጠኙን ስንስማማ የነበርን ሰዎች ከአንድ ቅጽ ጀምሮ ተለያይተናል፤ ያ ቅጽ የት እንደሚጀምር እኔ ከሳቸው በላይ አውቃለሁ። አልተቆጡም። ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው "እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?" አሉ። ደክሞኝ ነው አልኩ። ከዚያ እውነቱን ተናገርኩ፤ አላነበብኩትም አልኩ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አርባውን ቅጽ ከመሐል አውጥተው ለብቻው አስቀመጡት።

ሐሙስ ማታና ዓርብ ማታ አብረውኝ ተቀምጠው ሥራውን ደግመን ሠራነው። እኔ አዲስ ቅጽ እሞላለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ያንኑ ለማመሳከሪያ በራሳቸው ይሞላሉ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የክፍላችን የአሳይንመንት ወረቀት ተቆልሎ ነበር፤ ሰኞ ይመለሳል ተብሎ ቃል የተገባለት። ሁለቱም ምሽት ለእሱ የተያዘ እንደነበረ ገብቶኛል። አንድም ጊዜ ግን ወደዚያ አልተመለከቱም።

ሰኞ ወረቀቱ አልተመለሰም። የተመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ፋይናል ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ "ያው ሪሰርች ነዋ!" አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው "ተጠሪ፣ አቤቱታውን አታስገባውም እንዴ?" አሉኝ። "እስቲ ፋይናሉ ይለፍ" አልኩ። ያለቻቸውን ሁለት ምሽት የበላሁባቸው እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። መምህሩም አልተናገሩም፤ "ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ" ብቻ ብለው ወረቀቱን አደሉ።

የዶርሜ ልጅ፣ ይህን የነገርኩት የመጀመሪያ ሰው፣ የመለሰልኝ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። "ለሁለታችሁ ጥሩ መምህር ናቸው" አለኝ። "እናንተ ማክሰኞ ማክሰኞ ሻይ እየጠጣችሁ ተማራችሁ። እኛ 62ቱስ? ለእኛ ሐሙስ የቀሩ ሰው ናቸው።" ማካካሻ ቅዳሜ አስተምረዋል እኮ ልለው ነበር። ግን ያን ቅዳሜ ስንት ሰው እንደመጣ ቆጥሬ ነበር፤ 23። ከ38ቱ ፈራሚዎች የመጡት 15 ናቸው፤ ዶርሜ ከእነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ልጁ እውነቱን ነው። 64 ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጥም፤ ለ64 ሰው ቅጽ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ በጀትም የለም። መምህሩ የአንድ ቀን ትምህርት አንድ ዜና እንድንሞላ በማድረግ ሞክረውታል፤ ለሦስት ሰው አንድ ቅጽ ደርሶ ጥሩ ነበር፣ አንድ ቀን ብቻ ሆነ እንጂ።

ፋይናል ሲያልቅ ፎርሙ መጣ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ጥያቄ አነበብኩት። "ትምህርቱን በምሳሌ ያስረዳል" የሚለው ላይ 5። "ከክፍል ውጭ ተማሪን ይረዳል" 5፤ ለዶርሜ ስንት እንደሆነ አላውቅም። "የፈተናና የአሳይንመንት ውጤት በወቅቱ ይመልሳል" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። አልመለሱም፤ ይህ እውነት ነው። ለምን እንዳልመለሱም አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን ሳጥን የለውም። 2 ሰጠሁ። ወረቀቱን ካስረከብኩ በኋላ በር ላይ ቆሜ ልመለስና ልቀይረው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልቀየርኩትም።

አቤቱታው ሳይገባ ቀረ፤ ከነቀይ እርማቱ ፎልደሬ ውስጥ አለ። ይህችን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከመስጠቴ በፊት ለመምህሩ ወስጄ አሳየኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ሳልጠይቅ አላሳትምም ብዬ። የሁለቱን ምሽት ነገር ሲያነቡ ፊታቸውን ሳይ ነበር፤ ምንም አላሉም። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያረሙት። ስለ ፈራሚዎቹ ብዛት "አርባ ያህል" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሰረዙትና "ቁጠር" ብለው ከጎኑ ጻፉ።

ፎልደሬን አውጥቼ ቆጠርኩ። 38 ነው።